የኋላ ጎማ ለምን አንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል?

በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ጉዳይ ከመምህርነት ሙያ የራቀ ሊመስል ይችላል። «ጎማና ባሌስትራ የጋራዥ ሰዎች ሥራ ነው፤ እኛ ሠልጣኞችን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንደኛ፣ ነገ ከምንመደብባቸው ትምህርት ቤቶች መካከል የተሟላ ላቦራቶሪ የሌላቸው ብዙ ናቸው። ስለ ፍትጊያ፣ ስለ ሞላ፣ ስለ አየር ግፊት ስናስተምር የምናሳየው ነገር ያስፈልገናል። ሚኒባስና ባጃጅ ግን ከትምህርት ቤቱ በር አይጠፉም። ሁለተኛ፣ ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ደሎ መና፣ ከዶዶላ በአዳባና በዲንሾ በኩል ሮቤ የምንመላለሰው በእነዚሁ ጎማዎች ላይ ተሳፍረን ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የትምህርት ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ነው።

ልናስረዳ የምንሞክረው ዋና ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ጎኑ ብቻ ያለቀ የኋላ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከበላዩ ያለውን ጉዳት የሚናገር ምስክር ነው። ምክንያቱ ሳይመረመር አዲስ ጎማ የሚገጥም ሰው ያንኑ ጉዳት ሁለተኛ ጊዜ በገንዘቡ ይገዛል። አንዳንዴም በሰው ሕይወት ይገዛል።

ሀ/ ጎማ የሚያልቀው እንዴት ነው?

ጎማ የሚያልቀው በፍትጊያ ነው። የአንድ ሚኒባስ ጎማ ምንም ትልቅ ቢመስለን መንገዱን የሚነካው ክፍል ከአንድ ሰው መዳፍ እጅግም አይበልጥም። ያ መዳፍ የሚያህል ቦታ ጭነቱን ይሸከማል፤ መኪናውን ይገፋል፤ ፍሬን ሲያዝም ያቆማል። ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በሚሄድበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከተንከባለለ ጥርሱ ቀስ እያለ ከዳር እስከ ዳር እኩል ያልቃል። ይህ ጤናማ አስተላለቅ ነው።

ችግር የሚመጣው ጎማው ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ወይም አፍንጫው ከመኪናው አቅጣጫ ጥቂት ሲጣመም ነው። ያን ጊዜ ጎማው እየተንከባለለ በጎኑም ይጎተታል። ምን ያህል ይጎተታል? እንቁጠረው። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ አንዱ የኋላ ጎማ 1 ዲግሪ ብቻ ተጣሞ ቢሆን የ1 ዲግሪ ሳይን 0.0175 ገደማ ስለሆነ ጎማው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ውስጥ 17 ሜትር ተኩል ያህል በጎኑ ይጎተታል ማለት ነው። ከሮቤ እስከ ጎባ ያለውን መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ብንለው፣ ደርሶ መልስ 28 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚህ ጉዞ ያ ጎማ ወደ 490 ሜትር የሚጠጋ ርቀት አስፋልት ላይ በጎኑ ተፈተገ! በዓይን የማትታይ 1 ዲግሪ ይህን ያህል ትሠራለች።

ለ/ የኋላው አካል አሠራር

በአካባቢያችን የምናያቸውን መኪኖች በሁለት ከፍለን እንመልከት።

የመጀመሪያዎቹ እንደ ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ፣ እንደ ሰባዎቹ ተከታታይ ላንድ ክሩዘርና የሲናናን፣ የአጋርፋንና የጋሰራን ስንዴ እንደሚያመላልሰው አይሱዙ ያሉት ናቸው። በእነዚህ ላይ የግራና የቀኝ የኋላ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል ላይ ተያይዘዋል። አክስሉ በሁለት ባሌስትራዎች ላይ የታሰረ ነው። ባሌስትራ እንደሚታወቀው የብረት ቅጠሎች ተደራርበው የሚሠሩት ሞላ ነው። ቅጠሎቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው የመሃል ቡሎን ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚያስሩት ደግሞ እንደ ፈረስ ጫማ የተቀለሱ ትላልቅ ቡሎኖች ናቸው።

ሁለተኛዎቹ እንደ ባጃጅ ያሉት ናቸው። በባጃጅ ላይ የግራና የቀኝ የኋላ እግሮች ለየብቻቸው ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳሉ። እያንዳንዱ እግር ጫፉ ላይ ባለ ቡሽ ከአካሉ ጋር ተያይዞ በጥምዝምዝ ሞላ ይደገፋል። አንዳንድ አውቶሞቢሎችም የኋላ እግሮቻቸው እንዲሁ ለየብቻ ናቸው።

በሁለቱም ዓይነት ላይ ሾክ አብዞርበር አለ። ብዙ ሰው ሾክ መኪናውን የሚሸከም ይመስለዋል። የሚሸከመው ግን ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው። የሾክ ሥራ ሞላው አንዴ ከተጨመቀ በኋላ ደጋግሞ እንዳይዘል ማብረድ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የዝላዩን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። በኮረኮንች ላይ ረጅም መንገድ የሄደ መኪና ሾኩ የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐ/ ጎማውን ማንበብ

ጎማ ላይ የሚገኙት ዋና ዋና ምልክቶች ስድስት ናቸው ለማለት ይቻላል።

1. ሁለቱ ዳሮች አልቀው መሃሉ ደህና ከሆነ፦ ነፋስ አንሶታል፤ ወይም ለጭነቱ የሚበቃ ነፋስ የለውም።

2. መሃሉ አልቆ ዳርና ዳሩ ደህና ከሆነ፦ ነፋስ በዝቶበታል።

3. አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠፍጠፍ ብሎ ከተበላ፦ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ሳይዞር ተንሸራቷል፤ ፍሬኑና ታምቡሩ ይታዩ።

4. አንደኛው ጎን ብቻ፣ የውስጡ ወይም የውጩ፣ በዙሪያው ሁሉ ካለቀ፦ ጎማው አዘንብሏል።

5. መዳፋችንን ከውስጥ ወደ ውጭ ስናሳልፍ ለስላሳ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ስንመልስ ግን እንደ መጋዝ ጥርስ የሚቧጥጥ ከሆነ፦ ጎማው ከአቅጣጫው ተጣሟል።

6. በዙሪያው ላይ ጎድጎድ ከፍ፣ ጎድጎድ ከፍ የሚል ከሆነ፦ ጎማው እየዘለለ ነው የሚሄደው፤ ሾኩ፣ የጎማው ሚዛን ወይም ኩሽኔታው ይጠረጠር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የነፋስና የፍሬን ጉዳይ ናቸው። የኋለኞቹ ሦስቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሌስትራው፣ ወደ ቡሹና ወደ ሾኩ ይመሩናል። ይህን ለይቶ ማወቅ ግማሹ ምርመራ ነው።

ስድስተኛው እንዴት እንደሚሆን እናብራራ። ሾኩ ሲደክም ጎማው በሴኮንድ 10 ጊዜ ገደማ ሊዘል ይችላል። መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ጎማው በየ1 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር መንገዱን ይመታዋል። ሲዘል አይፈተግም፤ ሲወድቅ ግን በኃይል ይፈተጋል። ጎድጓዳው የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

በዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ከደሎ መና ነፋስ የሞላ ጎማ ሳነቴ አምባ ላይ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ይነፋል፤ መሃሉም ያልቃል» ሲባል ይሰማል። እውነት ነውን? ደሎ መና ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከአምባው በላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍም 4,377 ሜትር ይደርሳል። የውጭው አየር ግፊት ታች 87፣ ላይ ደግሞ 61 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ታች በ30 ዲግሪ ሙቀት መለኪያው 300 ኪሎ ፓስካል ያሳይ እንበል። የውስጡ እውነተኛ ግፊት 387 ነው ማለት ነው። ላይ ስንደርስ ብርዱ 5 ዲግሪ ቢሆን የውስጡ ግፊት በሙቀቱ ምክንያት ወደ 355 ይወርዳል። ከዚህ ላይ 61 ሲቀነስ መለኪያው 294 ያሳያል። እንግዲህ አንዱ የጨመረውን ሌላው ቀንሶት ከ300 ብዙም አልራቀም። ስለሆነም ከፍታውን ከመክሰሳችን በፊት መለኪያ እንያዝ።

መ/ ምርመራው ደረጃ በደረጃ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ ሲባጎ፣ ሜትርና መዳፍ ነው። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ጭነቱን አራግፎ ይቁም፤ ጎማው በድንጋይ ይታገድ። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው እንዳይገባ አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነፋሱን መለካት። ነፋሱ ሳይስተካከል ሌላውን መመርመር ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ ከኋላ አሥር እርምጃ ርቆ መመልከት። መኪናው ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል? ከጎማው መሃል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ አካሉ ጠርዝ ያለውን ቁመት በግራም በቀኝም መለካት። ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ ባሌስትራው ደክሟል ወይም ቅጠል ተሰብሯል። ጭነቱ ሁሉ ወደዚያ ጎማ ይሄዳል።

ሦስተኛ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ከፊት ጎማ መሃል እስከ የኋላ ጎማ መሃል በሲባጎ መለካት፤ በግራ የተለካውን በቀኝ ማስተያየት። በአንድ ወገን ካጠረ አክስሉ ከቦታው ሸርተት ብሏል ብለን እንጠርጥር። የመሃል ቡሎኑ ተቆርጦ ወይም አቃፊ ቡሎኖቹ ላልተው ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንደ ሸርጣን ጎኑን ይዞ ይሄዳል። ሾፌሩም መሪውን ወደ አንድ ወገን ይዞ ነው የሚነዳው። ቡሎኑ ከላላ ደግሞ ነዳጅ ሲሰጥና ፍሬን ሲያዝ አክስሉ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ጎማውም እየተፈተገ ያልቃል። ላልቶ የነበረ ቡሎን ሥር ብዙውን ጊዜ የዝገት ዱቄት ወይም የሚያብለጨልጭ የፍትጊያ ምልክት ይታያል።

አራተኛ፣ የመኪናውን የኋላ ማዕዘን በኃይል ወደ ታች ተጭኖ መልቀቅ። አንዴ ተመልሶ ከቆመ ሾኩ ደህና ነው። ሁለቴ ሦስቴ ከዘለለ ደክሟል። አይሱዙን በእጅ መጫን ስለማይቻል ሾኩ ዘይት ማንጠባጠቡን ማየት ይሻላል።

አምስተኛ፣ ጎማውን በክሪክ አንሥቶ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ። ከተንቀሳቀሰ ወይ ኩሽኔታው ወይ፣ በባጃጅ ላይ፣ የእግሩ ቡሽ አልቋል።

ጥንድ ጎማ ላላቸው መኪኖች አንድ ነገር እንጨምር። ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉት ጎማዎች ነፋሳቸው ወይም ቁመታቸው ካልተካከለ፣ አብረው ስለሚዞሩ አንደኛው የግድ እየተፈተገ ይሄዳል። የውስጠኛው ጎማ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ሠ/ አንድ ምሳሌ

ለዚህ ጽሑፍ ስንዘጋጅ ሦስት ሠልጣኞች ሆነን ሮቤ ውስጥ አንድ ጎሚስታ ዘንድ እየሄድን ሥራውን ስንመለከት ቆይተን ነበር። አንድ ወጣት የባጃጅ ሾፌር መጣ። የቀኝ የኋላ ጎማው በውስጥ ወገን ሽቦው እስኪታይ ተበልቷል፤ የውጩ ወገን ግን ገና ጥርስ አለው። «በሦስት ወር ውስጥ ሁለተኛዬ ነው፤ ጎማው አልባሌ ነው» ብሎ የሸጠለትን ሰው ያማርራል።

ጎሚስታው አልተከራከረውም። አዲሱን ጎማ በቀኝ አልገጠመም። በግራ የነበረውንና ደህና አልቆ የሚታየውን ወደ ቀኝ አዛወረ፤ አዲሱን በግራ አሰረው። በሁለቱም ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገና «ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስ» አለው።

«ጋሼ፣ ይህ ምን ይጠቅማል?» አልነው።

«ልጆች፣ ክሱ ጎማው ላይ ነው አይደል? ጥፋቱ የጎማው ከሆነ፣ ይኼኛው ጎማ ቀኝም ሄዶ እንደ ግራው እኩል ያልቃል። ጥፋቱ የቀኙ እግር ከሆነ ግን የገባለትን ሁሉ ይበላል» አለን።

በሦስተኛው ሳምንት ሾፌሩ ሲመለስ፣ በግራ ሳለ እኩል ያልቅ የነበረው ጎማ ቀኝ ከገባ ወዲህ በውስጥ ወገኑ መበላት ጀምሯል። በግራ የታሰረው አዲሱ ጎማ ደህና ነው። ባጃጁ ተነሥቶ የቀኙ እግር ሲነቀነቅ ቡሹ ተበልቶ እግሩ ወደ ጎን ይወዛወዛል። ቡሹ ተቀየረ። የቡሹ ዋጋ ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር አይወዳደርም ነበር። ያ ወጣት እኮ ያላግባብ ሁለት ጎማ ገዝቷል፤ ያላግባብም አንድ ነጋዴ አምቷል።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ጎሚስታው ያደረገው እኛ በሳይንስ ትምህርት «አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ሌላውን እንዳለ ተወው» የምንለውን ሙከራ ነው። እግሩ እንዳለ ሆኖ ጎማው ብቻ ተለወጠ። ጉዳቱ ከጎማው ጋር ከሄደ ጎማው፣ በቦታው ከቀረ እግሩ ማለት ነው።

ረ/ አደጋው

ጥርሱ አልቆ ሽቦው የደረሰ የኋላ ጎማ መፈንዳቱ አይቀርም። «የፊቱ ይሻላል፤ የኋላው ቢፈነዳ ምንም አይደል» ተብሎ የደከመው ጎማ ወደ ኋላ ሲዛወር እንሰማለን። ይህ አደገኛ አስተሳሰብ ነው። የፊት ጎማ ሲፈነዳ ሾፌሩ ቢያንስ በመሪው ይታገላል። የኋላው ሲፈነዳ ግን የመኪናው ጅራት ወደ ጎን ይወነጨፋል፤ መሪ ደግሞ ጅራቱን በቀጥታ አያዘውም። በተለይ ሚኒባስን የመሰለ ቁመቱ ከፍ ያለ መኪና የመገልበጥ ዕድሉ ብዙ ነው።

ከዓለም ታሪክ አንድ ማስረጃ እንጥቀስ። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 የፋየርስቶን ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን የሚሆኑ ጎማዎችን ከገበያ እንዲሰበስብ ተገዷል። አብዛኞቹ በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የተገጠሙ ነበሩ። የጎማው ጥርስ ከአካሉ እየተላጠ መኪኖቹ ይገለበጡ ስለነበር ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። እዚያ ከተነሡት ምክንያቶች መካከል የጎማው አሠራር፣ የነፋስ ማነስና ሙቀት ይገኙባቸዋል እንጂ ባሌስትራ አይደለም። ይሁንና ብዙውን ጊዜ የከዳው የኋላው ጎማ መሆኑ የኋላ ጎማ እንደማይናቅ ያስተምራል።

አሁን ይህን ወደ አገራችን እናምጣው። ከሳነቴ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን የሚወርደው መንገድ ጥምዝምዝ ነው። በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ገደል ነው። እዚያ ላይ ጅራቱ የተወነጨፈ መኪና የሚመለስበት ስፋት የለውም። መኪናው ወደ ላይ ሲወጣም ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚዞር የኋላ ጎማዎች ሸክም ይብስባቸዋል። በዚህ ላይ ትርፍ ሰውና ትርፍ ኩንታል ሲጨመር ምን እንደሚሆን ለአንባቢ እንተዋለን። በብዙ አገሮች ሕግ የጎማ ጥርስ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጎማው መንገድ ላይ መውጣት የለበትም። ይህ ግን የሚለካው በደህናው ወገን ሳይሆን ይበልጥ ባለቀው ወገን ነው።

ሰ/ ለክፍል ውስጥ

ይህን ሁሉ ያለ መኪና ማስተማር ይቻላል።

ለባሌስትራ፦ ማስመሪያ ከጠረጴዛ ጠርዝ አሳልፎ በአንድ እጅ ጫፉን ይዞ ትንንሽ ድንጋይ ማንጠልጠል። ድንጋይ ሲጨመር ዝቅታው በእኩል መጠን ይጨምራል። ይህን ሕግ ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 አትሞታል። ሁለት ማስመሪያ ሲደራረብ ዝቅታው ይቀንሳል፤ የባሌስትራ ቅጠሎች ነገር ይኸው ነው።

ለሾክ፦ ድንጋይ በክር አንጠልጥሎ በአየር ውስጥ ማወዛወዝ፤ ከዚያ ያንኑ ድንጋይ በባልዲ ውኃ ውስጥ ማወዛወዝ። ውኃው ውስጥ ወዲያው ይቆማል። የሾክ ዘይት ሥራ ይህ ነው።

ለጎማው፦ አንድ ላጲስ በሻካራ ወረቀት ላይ ሙሉ ፊቱን አስተኝቶ መፈተግ፤ ሌላውን ጥቂት አዘንብሎ መፈተግ። ተማሪው በሁለት ደቂቃ ውስጥ የትኛው በየት በኩል እንዳለቀ በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ ወደ መንገድ ወጥቶ የቆመ ሚኒባስን ጎማ፣ ሾፌሩን አስፈቅዶ፣ በመዳፉ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ያን ዕለት የተማረው ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ለአባቱ ይነግራል። አባቱም ነገ ሲሳፈር ጎማ ያያል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የአንድ ሚኒባስ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ዳርና ዳራቸው አልቆ መሃላቸው ደህና ነው። ምርመራው ከየት ይጀመር? ባሌስትራውን መፍታት ያስፈልጋልን?

2. የአንድ አይሱዙ የግራ ውስጠኛ ጎማ ብቻ አልቋል፤ ከጎኑ ያለው ደህና ነው። ሁለት ምክንያቶች ጥቀሱ።

3. አንድ ጎማ 2 ዲግሪ ቢጣመም (ሳይን 0.035) ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ስንት ሜትር በጎኑ ይጎተታል?

4. ግራና ቀኝ ጎማዎች ከተለዋወጡ በኋላ ጉዳቱ ከጎማው ጋር አብሮ ቢሄድ ምን ትላላችሁ?

መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ክተቱልን። ከጽሑፋችን ውስጥ መታረም ያለበት ነገር ያዩ መምህራንም ቢጽፉልን በደስታ እንቀበላለን። ትክክለኞቹን መልሶች ከነስሌታቸው በሚቀጥለው እትም እዚሁ እንለጥፋለን።